የአፕ ተጠቃሚን በዕድሜ መፈለግ ስሕተት ነው

አዲስ የሞባይል መተግበሪያ ሠርቶ በዳኞች ፊት የሚቆም ሰው ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች ቀዳሚው «ዒላማ ተጠቃሚህ ማን ነው?» የሚለው ነው። መልሱም ገና ሳይጠየቅ የታወቀ ያህል ነው፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 35 የሆነ፣ ከተማ የሚኖር፣ ስማርት ስልክ የያዘ፣ ፊደል የቆጠረ ወጣት። የኢትዮጵያ ሕዝብ አብዛኛው ወጣት መሆኑ እንደ ማስረጃ ይጠቀሳል፣ አዲስ አበባ መነሻ ትደረጋለች፣ «ቀጥሎ ወደ ክልል ከተሞች እንወጣለን» ይባላል፣ ጉዳዩም በዚያው ይዘጋል። ይህ አስተሳሰብ በስታርታፕ ውድድሮች፣ በሥልጠና አዳራሾችና በባንክ ቢሮዎች ተከራካሪ አጥቶ ኖሯል። እኔ ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። ዕድሜ፣ ጾታና የመኖሪያ ቦታ በፌስቡክ ላይ ማስታወቂያው ለማን ይታይ ብሎ ለመምረጥ የተዘጋጁ ሳጥኖች ናቸው። ማስታወቂያ ለሚሸጥ ድርጅት ይበቁታል፤ መተግበሪያ ለሚሠራ ሰው ግን አይበቁም። ማንም ሰው 24 ዓመት ስለሞላው ብቻ አንድን መተግበሪያ ከፍቶ አያውቅም። የሚከፍተው የጨነቀው፣ የቸኮለበት ወይም የሚያተርፍበት ጉዳይ ሲገጥመው ነው፤ ስለዚህ ተጠቃሚው መፈለግ ያለበት ከጉዳዩ ተነሥቶ ነው። ይህን ክርክር በከሚሴና በአማራ ክልል በሚገኘው የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ላይ መፈተን የመረጥሁት፣ የተለመደው መለኪያ እዚያ ሲደርስ ስንቱን ሰው ከዓይን እንደሚሰውር በግልጽ ስለሚታይ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዞኑ ከ457 ሺህ በላይ ነዋሪ ነበረው፤ ከአሥሩ ዘጠኝ ያህሉ ገጠር ይኖሩ ነበር። የዞኑ መቀመጫ ከሚሴ ራሷ ያን ጊዜ 20 ሺህ ሰው እንኳ አልሞላችም። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ አድጓል፣ ከተሞቹም ሰፍተዋል፣ የገጠሩ ሕዝብ ግን ዛሬም ይበዛል። «ከተሜ ወጣት» የሚለውን መለኪያ ይዞ ለመጣ ሰው ይህ አካባቢ ካርታው ላይ የለም፤ ከሚሴና ባቲ ውስጥ የሚያገኛቸውን ጥቂት ሺህ ወጣቶች ቆጥሮ «ገበያው ትንሽ ነው» ብሎ ይመለሳል። አሁን ደግሞ ሰውን ትቶ ጉዳይን የሚቆጥር ሌላ ሰው ይምጣ። ይህኛው የሚያየው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን አውራ ጎዳና ነው፤ መንገዱ ሰንበቴንና ከሚሴን አቋርጦ ኮምቦልቻ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው ቅርንጫፍ ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ይወርዳል። የሰንበቴን የእሑድ ገበያ ያያል፤ የኦሮሞው፣ የአማራውና የአፋሩ ነጋዴ የሚገናኝበትን፣ በአገሪቱ ከታወቁት ትልልቅ ገበያዎች አንዱ የሆነውን የባቲን የሰኞ ገበያ ያያል። በበጋ ወራት የአፋርና የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ሣርና ውሃ ፍለጋ ወደ ጨፋ ረግረግ፣ ወደ ቦርከና ዳር ሲወርዱ ያያል። ከዐረብ አገር በየወሩ የሚላከውን ገንዘብም ያያል። እነዚህ ሁሉ ርቀት ያለባቸው፣ ወሬና ገንዘብ በፍጥነት መድረሱ ትርፍና ኪሳራን የሚለይባቸው ጉዳዮች ናቸው፤ ስልክ የተፈጠረውም ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የባቲን ገበያ ጠጋ ብለን እንየው። ብዙ ሰው ባቲን የሚያውቃት በቅኝቷ ነው፤ በቆዳ ንግድ ውስጥ ደግሞ የባቲ ፍየል ቆዳ በጥራቱ በውጭ ገበያ ሳይቀር የራሱን ስም አትርፏል። ፍየልና ግመል ይዞ ከቆላው የሚመጣ ሻጭ የሚያውቀው ያለፈውን ሰኞ ዋጋ ነው። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ የመጣው ገዢ ግን የትላንቱን የከተማ ዋጋ ይዞ ይቆማል። በመካከላቸው ያለው ደላላ ሁለቱንም ያውቃል፤ ኑሮውም የሚቆመው በዚህ ዕውቀት ልዩነት ላይ ነው። ሻጩ ከብቱን ነድቶ ገበያ ከደረሰ በኋላ ዋጋው ቢወድቅ እንኳ መልሶ መንዳት ድካምና ኪሳራ ስለሆነ በተገኘው ይሸጣል። ስለዚህ ዋናው ውሳኔ የሚወሰነው ሰኞ ገበያ ላይ ሳይሆን ከዚያ አንድና ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ «በዚህ ሳምንት ልንዳ ወይስ ልቆይ?» በሚባልበት ሰዓት ነው። በዞኑ በጅሌ ጥሙጋ ወረዳና በአካባቢው ቆላ ማሾ የሚያመርተው ገበሬም ያው ጥያቄ አለበት፤ ማሾ ወደ ውጭ የሚላክ፣ በምርት ገበያም የሚገበያይ ሰብል በመሆኑ ዋጋው የሚወሰነው ገበሬው በማያየው ቦታ ነው። ለዚህ ውሳኔ የሚረዳ አገልግሎት ቢሠራ ተጠቃሚው ማን ይሆናል? የ20 ዓመት ጎረምሳ ሊሆን ይችላል፣ የ60 ዓመት አባወራም ሊሆን ይችላል። የሚያገናኛቸው ዕድሜያቸው ሳይሆን ቅዳሜ ማታ ላይ ያለባቸው ጥያቄ ነው። ይህ ትርጓሜ «ወጣት» ከሚለው እጅግ የጠበበ መሆኑን ልብ ይሏል። ሠሪው የት ቦታ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚያገኘው ያውቃል፤ አገልግሎቱ መሥራት አለመሥራቱንም በአንድ ወር ውስጥ ሊለካ ይችላል።

ከዚህም የጠለቀው ጉዳይ የዐረብ አገር ገንዘብ ነው። ወሎና ይህ ዞን ወደ ሳዑዲ ዐረቢያና ወደ ሌሎች የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሰው በብዛት ከሚወጣባቸው አካባቢዎች ውስጥ ናቸው፤ በባቲ በኩል ወደ አፋርና ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድም በዚህ ስደት የታወቀ ነው። የነገሩን ስፋት ለማስታወስ ያህል፣ በ2006 ዓ.ም. ብቻ ከሳዑዲ ተገድደው የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160 ሺህ በላይ ነበሩ። አሁን አንዲት ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ደዋ ጨፋ ላሉት እናቷ ገንዘብ ላከች እንበል። ልጅቱ ስማርት ስልክ አላት፣ በኢሞም በዋትስአፕም ትደውላለች። እናት ያላቸው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፣ ወይም የራሳቸው ስልክ የላቸውም። መልእክቱን የሚያነበው፣ የሚስጥር ቁጥሩን የሚያስገባው፣ ወኪሉ ዘንድ ሄዶ ብሩን የሚያወጣው ታናሽ ወንድም ነው። የተለመደው መለኪያ ከእነዚህ ከሦስቱ የሚያየው ወንድምየውን ብቻ ነው፤ ወጣት ነው፣ ተምሯል፣ ስማርት ስልክ ይዟል። ይሁንና ገንዘቡ የእርሱ አይደለም፣ የላከውም እርሱ አይደለም፣ ጭንቀቱም የእርሱ አይደለም። መተግበሪያው ለእርሱ ብቻ ተሠርቶ ሲወጣ ላኪዋ ገንዘቡ እናቷ እጅ መግባቱን ማረጋገጫ የላትም፣ እናትም ስንት ብር እንደመጣላቸው የሚያውቁት ልጃቸው የነገራቸውን ያህል ነው። በብዙ ቤት ይህ በፍቅርና በመተማመን ያልፋል፤ በሌላው ቤት ግን ዐረብ አገር በስንት መከራ የተገኘ ገንዘብ መንገድ ላይ ቀልጦ ይቀራል፣ ወንድምና እኅትም ይጣላሉ። እዚህ ቦታ እውነተኛው ተጠቃሚ አንድ ሰው ሳይሆን ሦስት ሰው ነው፤ ላኪ፣ ባለቤትና አንባቢ። ለሦስቱም የሚያስብ ሠሪ ለእናት ገንዘቡ እንደደረሰ መጠኑን በሚሰሙት ቋንቋ ጮክ ብሎ የሚናገር የስልክ ጥሪ ያዘጋጃል፣ ለላኪዋም ብሩ ከወኪሉ ሲወጣ ማሳወቂያ ይልካል። ይህን ለማድረግ የሚያስቸግር ቴክኖሎጂ የለም። የጎደለው እናትየውን ከተጠቃሚ የሚቆጥር አስተሳሰብ ነው።

ይህ ምኞት ብቻ እንዳልሆነ የተሠሩ ሥራዎች ይመሰክራሉ። የኬንያው ኤምፔሳ ሲሞከር የታሰበው አነስተኛ ብድር የወሰዱ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ተበዳሪዎቹ ግን ገንዘቡን እርስ በርስና ለዘመድ መላላክ ጀመሩ፤ ድርጅቱም ያየውን አልናቀም፣ በ2007 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አገልግሎቱን ለሕዝብ ሲከፍት መልእክቱን «ወደ ቤት ገንዘብ ላክ» አደረገው። ጉዳዩን ተከትሎ ተጠቃሚውን አገኘው ማለት ነው። በአገራችን የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የገበሬዎች መስመር ምናልባት ከሁሉም የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ ነው። ገበሬው እጅ ላይ ያለው ምን ዓይነት ስልክ ነው፣ የሚያነበውስ ምንድን ነው ብሎ ጀመረ፤ ስለዚህ ማንኛውም ስልክ የሚቀበለው፣ በነፃ የሚደወል፣ በድምፅ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የሚናገር አገልግሎት ሆኖ ወጣ፤ ጥሪውም በሚሊዮኖች ተቆጠረ። ሳምራዊት ፍቅሩ የመሠረተችው ራይድ እንኳ፣ ፍጹም አዲስ አበቤ የሆነው አገልግሎት፣ በመተግበሪያው ብቻ አልተወሰነም፤ 8294 የሚደውል ማንኛውም ሰው ታክሲ ማግኘት ይችላል። ስማርት ስልክ የሌላቸው አባትም ከሐኪም ቤት ወደ ቤታቸው የመመለስ ጉዳይ እንዳለባቸው የገባው ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። ቴሌብርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በመተግበሪያም በ127 አጭር ቁጥርም መጣ፣ አፋን ኦሮሞን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች ተናገረ። ዛሬ ተመዝጋቢዎቹ ከ50 ሚሊዮን አልፈዋል። በስማርት ስልክ መተግበሪያ ብቻ ቢወሰን ኖሮ ወደዚህ ቁጥር የሚደርስበት መንገድ አይታየኝም።

የሚቀርበው የመጀመሪያ ተቃውሞ የአቅም ነው። «ቴሌ ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ኤጀንሲውም የመንግሥት ነበር፤ አራት ልጆች ተሰባስበው የሚሠሩት ስታርታፕ ከቀላሉ ይጀምር እንጂ ከባቲ እንዴት ይጀምራል?» ይባላል። ይህ ተቃውሞ ከልብ ሊሰማ የሚገባው ነው፤ ገንዘብ ያለቀበት ሥራ ለማንም አይጠቅምም። ነገር ግን «ቀላሉ» የተባለው ተጠቃሚ በእርግጥ ቀላል ነውን? የአዲስ አበባው ወጣት ስልክ ላይ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ዩቲዩብ፣ የየባንኩ መተግበሪያና የታክሲው ሁሉ ተጭኗል። ትኩረቱን ለመውሰድ የሚደረገው ፉክክር ከዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ጋር ነው፤ እርሱን ለማግኘት የሚወጣው የማስታወቂያ ገንዘብም ከእያንዳንዱ አዲስ ተጠቃሚ ጋር ይጨምራል። በአንጻሩ የባቲን የከብት ዋጋ ቅዳሜ ማታ የሚነግረው አገልግሎት ተፎካካሪው ደላላው ብቻ ነው፤ ሰውም ከሰው እየሰማ ይመጣል፤ ገበያ ራሱ ወሬ የሚሰራጭበት ቦታ ነውና። አንድ ገበያ፣ አንድ ቀን፣ አንድ ዓይነት ከብት ላይ መጀመር ለአራት ልጆች የሚከብድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ወጣት አለ ብሎ ለሁሉም የሚሆን ነገር መሥራት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ተቀባይነት አለው፤ «ወጣቱ ከለመደው ለቤተሰቡ ያስተምራል» የሚለው። ልጆች ለወላጆቻቸው ስልክ እንደሚያሳዩ ማንም አይክድም፤ ከላይ ያልሁት ታናሽ ወንድምም የዚሁ ማስረጃ ነው። ሆኖም ልጁ የሚያስተላልፈው የተሠራውን ነገር ነው። የተሠራው ለአንድ አንባቢ ከሆነ እናት ዘንድ የሚደርሰው ያው የአንባቢው ጥገኝነት ነው። ያውም ወጣቱ ራሱ በቦታው አለ ተብሎ ሊታሰብ አይገባም፤ በዚህ ዞን ብዙ ወጣት ዐረብ አገር ነው፣ ወይም ኮምቦልቻና አዲስ አበባ ሥራ ላይ ነው። ያስተምራል የተባለው ልጅ እሱው ራሱ ሩቅ ያለው ወገን ነው።

ሌሎች ደግሞ የቋንቋውን ጥያቄ «በዞኑ ሁሉም አማርኛ ይሰማል፣ ሌላ ቋንቋ መጨመር ወጪ ነው» ብለው በቀላሉ ያልፉታል። በከሚሴ አደባባይ ሰው በአንድ ንግግር ውስጥ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ሲሻገር ልዩነቱን የሚያስተውል የለም፤ ይህ እውነት ነው። መስማት ግን ማንበብ አይደለም። አፋን ኦሮሞ የዞኑ የሥራ ቋንቋ ነው፤ ልጆችም ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በቁቤ ስለሆነ የአርጡማ ፉርሲ ተማሪ በቀላሉ የሚያነበው የላቲኑን ፊደል ነው። ከአባቶች መካከል በቁርኣን ትምህርት የዐረብኛ ፊደል የለዩ፣ ሌላ ፊደል ግን ያልተማሩ አሉ፤ ምንም ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም ብዙ ናቸው። ባቲ ላይ ደግሞ አፋርኛ ይጨመራል። «አማርኛ ይበቃል» የሚለው ሠሪ ከአንድ ቤተሰብ ውስጥ እንኳ ሁሉንም አያገኝም። ወጪው ከፍ የሚለውም ሁሉም ነገር ጽሑፍ መሆን አለበት ብለን ስንነሣ ነው። አሥር አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን በሦስት ቋንቋ በድምፅ መቅዳት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው። ድምፅ ለዚህ ሕዝብ እንግዳ አይደለም፤ የሼህ ሙሐመድ አወልን መንዙማ ከስልክ ቤት በሚሞሪ አስጭኖ የሚሰማው ገበሬ ኢንተርኔት ሳይኖረው የዲጂታል ሥራ ተጠቃሚ ከሆነ ቆይቷል። ስልክ ቤቱም ክፍያ ይቀበላል። «ገጠሬ ለዲጂታል ነገር አይከፍልም» የሚለው አባባል ይህን ሁሉ ሳያይ የተነገረ ነው። ገጠሬው ለካርድ ይከፍላል፣ ለደላላ ይከፍላል፣ ለሚሞሪ ይከፍላል፣ የሐዋላውን ወጪም ላኪዋ ልጁ ትከፍላለች። የሚጠቅመው መሆኑን ያየበት ነገር ላይ ኪሱን አይቆልፍም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የጸጥታውና የኢንተርኔቱ ነው፤ በቀላሉ የሚመለስ ስላልሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ ቆይቷል። የከሚሴና የአጣዬ መስመርም በተደጋጋሚ በግጭት ተዘግቷል፤ ሰው ሞቷል፣ ቤት ተቃጥሏል፣ ገበያ ቀርቷል። «በእንዲህ ያለ ቦታ ማን መተግበሪያ ይሠራል?» ቢባል ጥያቄው አግባብ ነው። እኔ ግን መልሱን ከጉዳዩ ውስጥ ነው የማገኘው። መንገድ ሲዘጋ ማን ነው ስለ መንገዱ ማወቅ የሚፈልገው? ገበያው ሰኞ ይቆም አይቆም እንደሆነ ማን ነው የሚጨነቀው? ልጇ ያለችበትን የማታውቀው እናት፣ ከብቱን የነዳው ሰው፣ የጭነት መኪና አሽከርካሪው። ጉዳዩ በችግር ጊዜ ይበረታል እንጂ አይጠፋም። የሚጠፋው ያለ ዳታ አንድ እርምጃ የማይራመደው መተግበሪያ ነው፤ ይህም «ዘወትር ኦንላይን የሆነ ከተሜ» ተብሎ የታሰበው ተጠቃሚ ያስከተለው ጣጣ ነው። በኤስኤምኤስና በድምፅ መሥራት የሚችል፣ ኔትወርክ ሲመለስ የቀረውን የሚያሟላ አገልግሎት ኢንተርኔት ሲቋረጥም ጨርሶ አይጠፋም። ኢንተርኔቱን መዝጋት ትክክል ነው ማለቴ አይደለም፤ የሕዝብን ኑሮ የሚጎዳ ነገር ነው፣ ሊቆምም ይገባል። ሠሪው ግን እስኪቆም ድረስ የሚጠብቅ ከሆነ የሚሠራው ለሌላ አገር ሰው ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው አምስት ሚሊዮን የኮዲንግ ሠልጣኞችን የማፍራት ዕቅድ ከተሳካ በጥቂት ዓመታት ውስጥ መተግበሪያ የሚሠሩ እጆች ይበዛሉ። እነዚህ እጆች ሁሉ ያንኑ የቦሌ ወጣት የሚያሳድዱ ከሆነ የሚመጣው መቶ ተመሳሳይ የምግብ ማድረሻና መቶ ተመሳሳይ የልብስ መሸጫ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬን የማቀርበው በመጀመሪያ ለገንዘብ ሰጪዎችና ለውድድር ዳኞች ነው፤ ሠሪው የሚመልሰው የተጠየቀውን ነውና። በማመልከቻው ቅጽ ላይ ያለው «የተጠቃሚ ዕድሜ» የሚለው ሳጥን ይውጣ። በቦታው ይህ ይጻፍ፦ ይህ ሰው የትኛውን ነገር ለመወሰን ወይም ለማድረስ ተቸግሯል፣ በሳምንቱ በየትኛው ቀን፣ አሁን በማን በኩልና በስንት ብር ይፈጽመዋል፣ ስልኩስ የማን ነው፣ የሚያነብለት ማን ነው? አመልካቹ እነዚህን ለመመለስ ባቲ ወይም ሰንበቴ ወርዶ መጠየቅ ግድ ይሆንበታል። የጉዞውንም ገንዘብ ውድድሩ ይስጠው፤ ለሽልማት መድረክና ለሆቴል አዳራሽ ከሚወጣው ሲነጻጸር ትንሽ ነው።